ያልመሰከርኩት ሦስት ቀን

የሕንዱ ሐኪም ከጠረጴዛው ላይ የአንድ ጠርሙስ ቀይ ክዳን አንስቶ በመጀመሪያ በደህናው ዓይኔ፣ ቀጥሎ በታመመው እንዳየው አደረገኝ። በቀኜ ደማቅ የነበረው ክዳን በግራዬ ሳየው ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ መሰለኝ። ከደሴ ይዤው የሄድኩት ሕመም ያን ቀን ስም ተሰጠው፤ ከዓይኔ ጀርባ ያለው ነርቭ ተቆጥቷል።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ዓይንን ሰሌዳ ላይ እስልና ያንን ነርቭ ከኋላው ጎትቼ ስሙን እጽፍበታለሁ። የራሴው ሲታመም ግን የጠመኔ ብናኝ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ በውሃ ሳጥበው ሰነበትኩ። ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ሲወጋኝና የማየው ነገር ሁሉ መሐሉ ሲጨልምብኝ ነው ወደ ሐኪም የሄድኩት። የደሴው ሐኪም ችግሩ ከዓይኑ ጀርባ ሳይሆን እንደማይቀር ነግሮኝ ለከፍተኛ ሕክምና ሪፈር ጻፈልኝ። ታላቅ ወንድሜ ሕንድ አገር ይማር ስለነበር "እኔ ጋ ነይ" አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ተረባርበው ላኩኝ። የሸኙኝ ቀን በሚኒባስ ተጭነው ኮምቦልቻ ድረስ ወረዱ፤ ኤርፖርቱ በር ላይ ጥበቃዎቹ እያዩን እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አፈርኩም፣ አለቀስኩም።

ሕንድ አገር ሦስት ቀን በተከታታይ መድኃኒት በጉሉኮስ ተሰጠኝ። አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ፊቴ ቀላ፣ ምንም ያላደረገችኝን ነርስ ተቆጣኋት። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ይህ በሽታ ከአንድ ዓይነት በላይ ነው፤ አንዳንዱ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ግን ቶሎ ካልታከመ ዓይኑን ያጠፋል፤ ሳይመረመር የትኛው እንደሆነ አይታወቅም አለኝ። አስተማሪ ነኝና በደብተሬ ጻፍኩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀዩ ተመልሶ ቀይ ሆነልኝ።

በእኛ ዘንድ ምስክርነት የራሱ የሆነ አካሄድ አለው። ሐኪም ተስፋ ይቆርጣል፣ ምእመን ይጸልያል፣ በሽተኛው ይነሣል። እንዲህ በል ብሎ የሚያስተምር የለም፤ መድረክ ላይ ሲወጡ አፍ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በተመለስኩ በመጀመሪያው እሑድ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ አጠር አድርጊው፤ ክብሩን ለጌታ" አሉኝ። ዋሺ አላሉኝም። ይህን የምለው ጥፋቱ ወደ እሳቸው እንዳይሄድ ነው።

የቀዩን ክዳን ነገር ተናገርኩ። ቀጥዬም "ሐኪሞች አቃታቸው፤ ጌታ ግን በሦስተኛው ቀን ዓይኔን አበራ!" አልኩ። እልልታው ቀለጠ። ሦስቱን ቀን አፌን ሞልቼ ጠራሁ፤ በሦስቱ ቀን የተሰጠኝን መድኃኒት ግን ዋጥኩት። ለዚያ ሁሉ ጸሎት የምመልሰው ውለታ መስሎኝ ነበር። እልልታውም ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ እዚህ ላይ አልዋሽ።

ከአራት ወር በኋላ አንዲት ሴት ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ፣ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት። ያን እሑድ ደሴ እህቷ ጋ መጥታ እኛ ዘንድ አምልካ ነበር።

"ጌታ ይባርክሽ እህቴ። አታውቂኝም፤ እኔ ግን አውቅሻለሁ" አለችኝ። ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ የቀይ ክር ጥቅል አወጣች። "ሥራ ላይ ይኼ ክር በግራ ዓይኔ ደብዝዞ ይታየኝ ነበር። አንቺ ስትመሰክሪ ይኼስ የኔው ነው አልኩ።"

"ሐኪም አላየሽም?"

"አይቶኛል እንጂ! አዲስ አበባ ሂጂ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ያንቺን ከሰማሁ ወዲያ ግን ለጌታ ትቼዋለሁ ብዬ እዚህ አኖርኩት።" መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ ያልተነካውን የሪፈር ወረቀት አሳየችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አሁን በግራዬ ክሩ ጭራሽ የለም። እምነቴ አንሶ ነው መሰል። አንቺ እንዴት አድርገሽ ነበር የጸለይሽው?"

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ነጠላዬን አንስቼ "ሐኪም ጋ እንሂድ" አልኳት፣ ለእሷ የቸኮልኩ መስዬ። የቸኮልኩት ከጥያቄዋ ለመሸሽ ነበር።

እኔን ያየኝ የደሴው ሐኪም ዓይኗን በመብራት ሲመረምር ቆየ። ነርቩ ገርጥቷል፣ የግራው መመለሱ ያጠራጥራል፤ ቀኙም እንዳይከተል ነገ ዛሬ ሳትይ አዲስ አበባ ሂጂ አላት። "በጊዜው ቢታይ ኖሮ" ብሎ ጀመረና እኔን አይቶ ተወው።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን መልሳ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ልታስገባ ስትል እጇን ያዝኳት።

"እምነትሽ አይደለም ያነሰው። ሐኪሞች አላቃታቸውም። ሦስት ቀን በጉሉኮስ መድኃኒት ተሰጥቶኛል፣ ከዚያም ክኒን። መድረክ ላይ ሳልናገር ያስቀረሁት እኔ ነኝ" አልኳት። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ በወደድኩ። ወረቀቱን በጣቷ ዘርግታ አስተካከለችና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

"መድኃኒቱንስ ቢሆን ጌታ አይደል የሰጠሽ?" አለች። "ታዲያ ምነውሳ ደበቅሽብን?"