ማን ሞተ?

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ትራምፔት የሚለማመድ ሽማግሌ አለ። የደበዘዘው ኮቱ በወጣትነቱ ይነፋበት ከነበረው የሰልፍ ባንድ የቀረው ነው። ከኮቱ የናስ ቁልፎች አንዱ ብቻ አልወለቀም፤ እሱንም በእጅጌው ይወለውለዋል። መሣሪያውን የሚጠቀልለው በሴት ሻሽ ነው። ሲጫወት ሻሹን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል እንጂ መሬት አያስነካውም።

እንደገና የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ከንፈሩ አይታዘዘውም። ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ትንፋሹ ዜማው መሀል ያልቅበታል። የሚያናድደው ግን ይህ አይደለም። ሰፈሩ የሚያውቀው ጡሩምባ ለቀብር የሚጠራውን የእድሩን ብቻ ነው። እሱ መንፋት ሲጀምር በሮች ይከፈታሉ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት የእድሩ ሊቀመንበር መጥቶ፣ "ጡሩምባ ነፊያችን ደክሟል፤ እርስዎ ለምን አይረዱንም?" አለው።

"የሰርግ ዜማ ነው የምጫወተው!" ብሎ ጮኸበት። "ሰርግ! ሰርግ ሄደህ አታውቅም?"

ዛሬ ደግሞ አንድ ባለባጃጅ አጠገቡ ደርሶ ቆመና አንገቱን አወጣ።

"አቦ አባባ፣ ማን ሞተ?"

ሽማግሌው ትራምፔቱን ከአፉ አነሳ።

"አንተ ቀኑን ሙሉ ክላክስህን ስታስጮህ ማን ሞተ ብዬህ አውቃለሁ? ጆሮህ ነው የሞተው!"

ባለባጃጁ እየሳቀ ሄደ። ሽማግሌው ከንፈሩን ጠርጎ፣ ሻሹን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ የሰርጉን ዜማ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ማዶ አንድ በር ተከፈተ።