ለቆጠራ የተገኘች ልጅ

ልብስ ሰፊዋ ቀናተኛ ነበረች። ኧረ ምን ብዬ እደብቀዋለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው የለ! ለእሷና ለባሏ ፈጣሪ ልጅ አልሰጣቸውም። ታናሽ እህቷ ግን ከዚያኛው ሃይማኖት ሰው አግብታ፣ ላይ በላዩ ወልዳ አራት አድርሳለች። ለእያንዳንዱ ልብስ የምትሰፋው ደግሞ አክስትየዋ ናት፤ ቁልፍ በተከለች ቁጥር አንጀቷ እያረረ።

የሕዝብ ቆጠራ ሊደረግ ነው ሲባል ግን ለቅናቷ መሸፈኛ አገኘችለት። "እነሱ እየበዙ እኛ እያለቅን ነው" የማይል ሰው ጠፋ። የባሰችው እሷ ሆነች። "ሆን ብለው ነው የሚወልዱት! ሊውጡን እኮ ነው!" እያለች ደንበኛውን ሁሉ ታሰለቻለች።

አንድ ቀን ባሏ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የምትቆጥሪው ሕዝቡን ነው ወይስ የእህትሽን ልጆች?" አላት።

ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

በቆጠራው ዋዜማ እህቷን ምጥ ያዛት። የእህቷ ባል ትንሿን ልጅ አምጥቶ፣ "እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ያዥልን" ብሎ ሮጠ። ልጅቷ አክስቷ ብብት ስር ተወሽቃ አደረች።

ጠዋት ቆጣሪው መጣ። "ሌሊቱን እዚህ ያደረ ሁሉ እዚሁ ይመዘገባል። ይቺስ ምንሽ ናት?"

"ልጄ።"

ወይ ጉድ! ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ባሏ ቀና ብሎ አያት።

"ሃይማኖቷስ?"

"የእኛው ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?"

ቆጣሪው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ አባት ከች አለ። "በሰላም ተገላገለች! ወንድ ነው!" ልጅቷ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሄዳ ተጠመጠመችበት። ስትወጣ አክስቷን ዞር ብላም አላየቻት። ልብስ ሰፊዋን ከሁሉ ያንገበገባት ይሄ ነው።

ውጤቱ ሲነገር የእሷ ወገን በጥቂቱ ጨምሯል ተባለ። ማዶ ያሉት፣ "ቁጥራችንን ሰረቁን!" ብለው ጮኹ። በአንዷ ልጅ እንኳ እውነታቸውን ነው። እሷ ሱቅ ውስጥ ግን እልልታው ቀለጠ።

"እሰይ፣ በዛን! አንቺ ደግሞ ምነው ዝም አልሽ?" አለቻት አንዷ ደንበኛ።

የአራሱን ልጅ ልብስ እየዘመዘመች ነበር። ቀና አላለችም።

"ምን ልበል፣" አለች። "እኔ ቤት ያው ሁለት ነን።"