የቀዳ ይቅመስ

ባሌ ውስኪን ያስተማረኝ መዳፌ ላይ ነው። ብርጭቆ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ጠብታ መዳፌ ላይ ጠብ ያደርግና «እሸት እንደምታሺ አድርገሽ እሺው» ይለኛል። አሸዋለሁ። መጀመሪያ ዓይን የሚያስለቅሰው ነገር በንኖ ይሄዳል፣ እጄ ይደርቃል። «እንግዲህ ውስኪው የቀረው ነው። አሽትቺው፤ ምን ይላል?» ይለኛል። ምን እንደሚል እስክነግረው ድረስ ዓይኑን ከፊቴ አይነቅልም።

መጀመሪያ ሰሞን ምንም አይለኝም ነበር። እኔ አረቄ አውጪ ነኝ። ከመተማ ቆላ ተነሥቼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው በድፍድፍ ነው። ከሻ፣ እዚህ ክልክሉን መጠጥ የሚያድነውን የፖሊስ አሰሳ እንዲያ ነው የምንለው፣ ስንቴ ቤቴን በርብሮ ጀሪካኔን ደጄ ላይ ደፍቶብኛል፤ ማግስቱን እንደገና እሳት አነዳለሁ። ለእኔ መጠጥ ማለት የሚያቃጥል ነው፤ ካላቃጠለ ሻጯ ውሃ ጨምራበታለች። የፈረንጁ ደግሞ ጠርሙሱ ከማማሩ በቀር ከእኔ አረቄ በምን ይበልጣል ባይ ነበርኩ።

እሱ ጎንደር ትልቅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። እንግዶቹ ጠጥተው ሲነሡ ባዶውን ብርጭቆ ከማጠቡ በፊት ያሸተዋል፤ ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ቀዘቀዘ፤ እሱም እንደ ብዙው ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ወረደና ድንበሩን ተሻገረ። ዶካ በምትባል የእርሻ ከተማ ሁለት ዓመት አጭዶ ገዳሪፍ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ። እኔ ቤት የመጣው ከጓደኞቹ ጋር ነው። የቀዳሁለትን አፉ ሳያደርስ አሸተተና «ድፍድፉ አንድ ቀን አልፎበታል» አለ። በሰው ፊት! ውጣልኝ አልኩት፤ ወጣ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ቀኑን ብቆጥረው እውነቱን ነበር። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፣ በዓመቱ ተጋባን።

አንድ ሕግ ነበረው፦ የቀዳ ይቅመስ። አገራችን የቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ለሌላው የሚሰጥ፤ ክፉ ነገር የለበትም ለማለት ነው። እዚህ ሰዉ ትቶታል። ባሌ ግን ቡና ቤት የሌለበት አገር እየኖረም የአስተናጋጅ ወጉን አልጣለም። እኔ ረስቼ ለሰው ብሰጥ «እመቤት፣ የቀዳ ይቅመስ» እያለ ያሳፍረኛል። እኔም ቱግ እላለሁ፤ ጠባዬ ነው።

እየዋለ እያደረ መለየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከስኮትላንድ የመጣ ነው ያለኝን አሽቼ ሳሸተው የወይራ ጢስ አገኘሁበት። «የታጠነ ጋን!» ብዬ ጮህኩ። ሳቀ። እዚያ አንዳንዶቹ ብቅላቸውን የሚያደርቁት በረግረግ አፈር ጢስ ነው አለኝ። ብቅል? አዎ፣ ብቅል፤ ገብሱን አብቅለው፣ ጠንስሰው፣ ሁለት ጊዜ አውጥተው። እንግዲያ ዳግም አረቄ ማለት አይደል! ከእንጨት በርሜል ውስጥ አስተኝተው ዓመታት መጠበቃቸው ነው የሚለየን። «እነሱ ከሻ የለባቸውማ» አልኩት።

የአሜሪካው በቆሎ ነው። ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል ስለሚተኛ ይጣፍጣል፤ ለእኔ ዶካ መናኸሪያ የሚጠበሰውን በቆሎ ነበር የሚለኝ። የአየርላንዱ አብዛኛው ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። እኔ ሁለቴ ማውጣቱ ወገቤን ቆርጦታል፤ ሦስቴ ሲለኝ ሴቶቹ አሳዘኑኝ። «እዚያ የሚያወጡት ወንዶች ናቸው» ሲለኝ አላመንኩትም። በረዶ አያስነካም ነበር። ውሃ ከሚቀዘቅዝበት ሸክላ፣ ከዚሩ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይጨምራል። በረዶ ሽታውን ያስተኛዋል፣ ጠብታ ውሃ ይቀሰቅሰዋል ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

እዚህ አገር ጠርሙስ በስሙ አይጠራም፤ ሻሂ ይባላል። አንዱ ከድንበር ደብቆ ያመጣ እንደሆነ «ሻሂ መጥቷል፣ ና እይልን» ብለው ባሌን ይጠሩታል። እውነተኛውን ከተቀሸበው ይለይላቸዋል። ድካሙ የሚከፈለው በሽሮፕ ጠርሙስ በምትቀዳለት ጭላጭ ነው። አፍንጫው ብለው ነበር የሚጠሩት፤ መጋዘን ውስጥ የሚሸከም ሰው አይመስልም፣ ትከሻው ሰፍቶ ነው የሚመለስ። ቢሰክር ኖሮ ባልተቀየምኩ፤ ሰክሮ አላየሁትም።

የራሳችንን ውስኪ እንሥራ ያለው እሱ ነው። ማሽላ አብቅዬ ዳግም አወጣሁ። በርሜል ከየት ይምጣ? ጦልሕ የሚሉትን የግራር እንጨት ፈልጦ፣ እሳት ላይ አጥቁሮ፣ ከአረቄው ጋር ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከተተውና አልጋ ሥር አስቀመጠው። «ሁለት ፋሲካ ይለፈው። በሁለተኛው እንከፍተዋለን» አለኝ። እሱ ጎንደር እያለ ከሰው ብርጭቆ ላይ ያሸተተውን አንድ ቀን በራሱ እጅ መሥራት ነበር የሚያምረው።

በዚያው ኸሪፍ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ኃይለኛ ትኩሳት ጣለው። ዳነ፣ ሥራውም ገባ። ግን ሻሂ መጥቷል ሲሉት «ሥራ በዝቶብኛል» ማለት አመጣ። በየሰንበቱ ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር አውጥቶ መዳፌ ላይ ጠብ ያደርግልኝና «ምን ይላል?» ይለኛል። የራሱን መዳፍ አይነካም። «ገና ጥሬ ነው» እለዋለሁ። ሌላ ሰንበት «እንጨት እንጨት ይላል» እለዋለሁ። አንድ ቀን «ማር መጣበት» አልኩት፤ ዓይኑን ጨፍኖ «ማር» አለ፣ «ምን ዓይነት ማር?» የምፈተን መስሎኝ ነበር። ተማሪዋ አድጋ ለመምህሩ ደረሰች ብዬ ኮራሁ።

ፋሲካ መጣ። ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ወደኛ ከገፋው ወዲህ ከተማው ተጨናንቆ ነበር፤ ዶሮዋን ያገኘሁት ሳምንት ዞሬ ነው። ያን ሁሉ ቀን ጾሜ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት አልቅሼ አቁላልቼ፣ ወጡ ሊደርስ ሲል እንቁላል ስለጎደለኝ «እሳቱን እይልኝ» ብዬው ጎረቤት ሄድኩ። ስመለስ ገና ከበሩ የማረር ሽታ ተቀበለኝ። እሱ ከድስቱ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ብርጭቆ ይወለውላል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«አንተ ሰውዬ! አፍንጫህ የት ሄዶ ነው?» አልኩት።

ወደ ድስቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «አላየሁትም» አለ።

አላየሁትም! ማረር ይታያል እንዴ? አፌ የጫነውን ሁሉ አራገፍኩበት።

በዚህ መሐል ከድንበሯ ከተማ ከገላባት የሚመላለስ የሎሪ ሾፌር ወዳጁ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ለበዓሉ ብዬ ነው፣ የስኮትላንድ ነው፣ እሽጉ አልተነካም አለ። መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ስለነበር ሳይቀመጥ ሄደ። ባሌ ከፈተው፣ ለሁለታችን ቀዳ፣ ብርጭቆውን አፍንጫው ላይ ያዘው። ከወትሮው ቆየ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ያረረ ድስቴን እፍቃለሁ።

«እስቲ መዳፍሽን አምጪ» አለኝ።

«ለምን ሲባል? የታሸገ ነው አላለም?»

«ቢሆንም አምጪ።»

«ዶሮዬን አሳርረህ ደግሞ መዳፍሽን ትለኛለህ? የቀዳ ይቅመስ አይደል የምትለው? አንተ ቀዳህ፣ አንተ ቅመሰዋ!»

«እውነትሽን ነው» አለ። ሲውጥ ሰማሁት። «ጥሩ ነው፤ ማር ማር ይላል» አለ፤ ዞር ብዬ አላየሁትም። ያን ቀን ከልማዱ ውጪ ደጋግሞ ቀዳ። ኩርፊያዬን የሚያሳልፍበት ነገር አጥቶ ይሆናል። የኔ ብርጭቆ እንደተቀዳ ዋለ።

በማግስቱ ራሴን አለ፤ ስካር ነው ብዬ ጎመን ቀቀልኩለት። ከሰዓት በኋላ «ቤቱ ጉም ገባበት እንዴ?» አለኝ። ገዳሪፍ በሚያዝያ ምን ጉም አለ? በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አላየኝም። ሆስፒታል ይዤው ሮጥኩ፤ ዓይኑ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ የጠጣው መርዝ እንደሆነ ነገረኝ። ባሌ እጄን ይዞ መዳፌን በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሾፌሩ ፊቱን እየነጨ መጣ። ድንበር ላይ ከማያውቀው ሰው ነው የገዛው። እሱን አልረገምኩትም፣ ዛሬም አልረግመውም።

አልቃሹ ሲቀል የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ከእኛ ሰዎች ጋር ሲሠራ አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ሱዳናዊ፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ወላሂ እኅቴ» አለኝ፣ «ከኸሪፍ ወዲህ ሸም አልነበረውም። ሽታ፣ ኸላስ፣ የለም። የሻገተ ሰሊጥ ተሸክሞ አስገባና ምነው፣ አልሸተተህም አልኩት፤ አለቀሰ። ለእሷ እንዳትነግር አለኝ። በአፍንጫዬ ነው ያገባችኝ አለኝ።»

እሱ ሲሄድ ያን የተረገመ ጠርሙስ ካስቀመጥኩበት አወጣሁና መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁት። የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። ሲደርቅ ምንም አልቀረም፤ እህል የለው፣ ጢስ የለው፣ እንጨት የለው። ይህን ለመለየት መምህር መሆን አያሻም፤ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ ትለየዋለች። ሰንበት ሰንበት ሲጠይቀኝ የነበረውም ሊፈትነኝ አልነበረም። አፍንጫዬን እየተዋሰኝ ነበር። ያን ቀንም ሊዋሰኝ መዳፌን ለመነኝ፤ እኔ የገዛ ሕጉን መልሼ ወረወርኩበት።

ሰዎች አታውቂም ነበር ይሉኛል። አላውቅም ነበር። ድስቱ አጠገብ ተቀምጦ ማረሩ ያልሸተተውን ሰው ግን ምን ሆነሃል ብዬ ልጠይቀው እችል ነበር። ሰደብኩት እንጂ አልጠየቅሁትም።

ሁለተኛው ፋሲካ ዘንድሮ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሬን ዘጋሁና ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር አወጣሁት፤ ቀለሙ ሻሂ መስሏል። ለሁለት ሰው ቀዳሁ። ከዚሩ ጠብታ ውሃ ጨመርኩ። ከዚያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እንደ እሸት አሸሁት፤ የሚያቃጥለው ሄደ፣ እጄ ደረቀ። ማሽላው አለ። የጦልሑ ጢስ አለ፣ ከሥሩ። መጨረሻ ላይ ማር መጣ፣ ያውም የቆላ ማር፣ ጠቆር ያለው። ለባዶው ወንበር አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ሲጠይቀኝ እንደነበረው።

«ደርሷል» አልኩት። «አፍንጫዬ ሞተ ብትለኝ እኮ እየቀመስኩ እነግርህ ነበር። ዕድሜ ልክህን እነግርህ ነበር።»