ስርጉት ዝም ስትል

ሚስቴ ስርጉት ዝም ማለት ተማረች ብል በከተማችን በኮኪት የሚያምነኝ የለም። እኔ ራሴ መች አመንሁ። ነርስ ናት፤ መርፌውን ሳትነቅል ምክሯን ጀምራለች። በ2004 ዓ.ም. ታዲያ ጎንደር ሄዳ የአእምሮ ጤና ምክር መማር ጀመረች። ሥራው የጨነቀውን ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው አለችኝ። «እንግዲያስ አለቀልሽ» አልኋት።

ለዕረፍት በመጣች ቁጥር የምትለማመደው በኔ ነበር። ገና ከትራክተር ስወርድ፣ ራት እንኳ ሳልቀምስ፣ ፊት ለፊቷ ታስቀምጠኝና ዓይን ዓይኔን ታያለች። ዝም። ግራ ሲገባኝ ያላሰብሁትን ሁሉ እለፈልፋለሁ፤ አንድ ቀን ድሮ የሞተችብኝን ላም ሳይቀር አነሳሁ። እሷ ደስታዋን አትችለውም፤ «ዝምታው ሠራ፣ ሠራ» እያለች ትስቃለች።

የመጨረሻው ፈተና እዚሁ ጤና ጣቢያችን ሆነ። አስተማሪዋ ከጎንደር መጥታ ጥግ ትቀመጣለች፣ ስርጉት የእውነት የተጨነቀ ሰው ታነጋግራለች። ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች፤ ይከፈትላታል የተባለው የምክር ክፍልም ይቀራል። ሰውየውን ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አለኸኝ ይባላል፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ጎልማሳ ነው። ወንድሙ እዚሁ ቆላ በካላዛር በሽታ ሞቶበት፣ ለእናቱ መንገር አቅቶት አገሩ ሳይመለስ ቀርቷል። እንቅልፍ የሚባል የለውም።

እኔ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። ብዙም ሳይቆይ አለኸኝ ማልቀስ ጀመረ። በኛ አገር ሰው ሲያለቅስ አንዱ ተነሥቶ «በቃህ፣ እግዜር ያጥናህ» ካላለ ነውር ነው። እሷ ዝም። እንዲህም ጭካኔ አለ እንዴ አልሁ። አላስችል ቢለኝ በሩን ገፋ አድርጌ «በቃህ ወንድሜ» ልል አፌን ስከፍት፣ ስርጉት ቀና ብላ አየችኝ። አፌንም በሩንም መልሼ ዘጋሁ። አበላሸሁባት ብዬ ደጅ ተንጎራደድሁ።

አለኸኝ እስኪወጣለት አለቀሰ። ከዚያ ማውራት ሲጀምር እኔ ራቅ ብዬ ቆምሁ፤ የሱ ነገር የሱ ነው። ሲጨርሱ አስተማሪዋ ስርጉትን እንዳቀፈች ወጣች። አልፋለች! በደስታ ትራክተሬን የት እንዳቆምሁ ጠፋኝ።

በማግስቱ ጠዋት አለኸኝ የሌላ አጫጅ ክንድ ይዞ መጣ።

«ምነው፣ አመመው?» አለችው ስርጉት።

«የለም ሲስተር፣ ይኸም እንደኔው ነው» አላት። «እሱም ያልቅስ ብዬ ነው።»