አባቴ ሊያመሰግን የመጣ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቢሮዬን አንኳኩታ ገባች። ዶክትሬቷን ከጨረሰች ወር አልሞላትም። "ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሚሆን ቦታ ይኖር ይሆን?" አለችኝ፣ ከበሩ ሳትርቅ። አልነበረም። እንደሌለ ነግሬያት፣ ቁጭ ብላ ስለ ሥራዋ ስታወራኝ፣ እኔም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ በር ለበር የዞርኩበት ክረምት ትዝ አለኝ።

ያኔ የከተማችንን ሐይቅ ዓሣ በሽታ አጥንቼ የተመረቅኩ አዲስ ዶክተር ነበርኩ። ታቦር ሰፈር ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት በጭቃው ወርጄ ባጃጅ እይዛለሁ። የሰው ኃይል ቢሮዋ ሴትዮ ማመልከቻዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ "ዶክተር ከሆኑ በኋላ ደግሞ ምን ቀረዎት?" አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ያኔ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሚባል የሥራ መደብ በስም እንጂ በአካል ያየው ብዙ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የዓሣ ቤተ ሙከራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር፣ "ቦታ የለኝም። ማይክሮስኮፕ ግን አለኝ፤ መሥራት ከፈለግሽ ነይ" አሉኝ። ሄድኩ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ ይርጋለም የሚኖር ጡረተኛ መምህር ነበር፤ በደወለ ቁጥር "እንዴት ሆነ?" ይለኛል። አንድ ቀን "አልተገኘም" ማለት ሰለቸኝና "ተቀጠርኩ አባዬ" አልኩት።  ከደስታው የተነሣ በስልኩ ሲናፈጥ ሰማሁት።

በሳምንቱ ሳይነግረኝ መጣ። ቤተ ሙከራው በር ላይ፣ የበዓል ኮቱን ለብሶ፣ ከጓሮው የለቀመውን አቮካዶ በከረጢት ይዞ ቆሟል። እኔ ሳልደርስበት ፕሮፌሰሩን በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

"ልጄን ስለቀጠሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው የመጣሁት።"

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ አዩ። 

"ወንድሜ፣ ልጅዎን አልቀጠርኳትም" አሉ ቀስ ብለው። "ቦታ የለኝም። እሷ ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቀረችም።"

አባቴ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ። "እንግዲያው መምጣቷን አታቋርጥ" አለ። "አቮካዶው ግን የእርስዎ ነው።"

ምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ወስጄ ዓሣ ጥብስ ጋበዝኩት። ከዓሣው ጋር የቀረበው የቃሪያ ዳጣ ሲያቃጥለኝ ለእንባዬ ሰበብ ሆነልኝ።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"እንዳታፍርብኝ ብዬ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ስንት የወደቀ ልጅ አይቻለሁ፤ በአንዱም አላፈርኩም። ይህን ሁሉ ብቻሽን መሸከምሽ ነው ያናደደኝ" አለና፣ ከአጥንቱ የለየውን ሥጋ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ፕሮፌሰሩ በየስብሰባው ሲወተውቱ ከርመው፣ መስከረም ካለቀ በኋላ በአንድ የምርምር ፕሮጀክት የአንድ ዓመት ቦታ ተፈቀደ። ማስታወቂያ ወጣ፤ ተወዳድሬ አለፍኩ። ለአባዬ ስደውልለት "እስቲ ደብዳቤውን አንብቢልኝ" አለ። ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምሬ እስከ ግልባጩ አነበብኩለት። አላመነኝም ማለት አይደለም፤ መስማት ፈልጎ ነው።

ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ለብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ያን ዕለት ጨክነውብኛል ብዬ አስብ ነበር። በአንዲት ቃል "አዎ" ቢሉት እኔም ከሃፍረት እድን፣ እሱም ደስ ብሎት ይመለስ ነበር። ዛሬ ግን፣ ሥራ ፈላጊዎች እኔ ፊት ሲቀመጡ፣ ያች "አዎ" ምን ታሳጣኝ እንደነበር ይታየኛል። አባቴ በወደቀ ልጅ እንደማያፍር ሳላውቅ፣ እሱ ሲኮራብኝ እኔ ውሸቴ እንዳይታወቅ እየፈራሁት እኖር ነበር።