ሽምግልና ከትልቁ ፓይለት ቤት

ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ሳይነጋጋ

ሴት ሽማግሌ አትሆንም፤ ሹፌር ግን ትሆናለች። ከዘመዱ ሁሉ ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሄኖክ ሊያገባት ላሰባት ልጅ ቤተሰብ የላካቸውን ሽማግሌዎች ከሐይቁ ማዶ ሬድመንድ ድረስ የማድረስ ክብር እኔ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ነው፤ ዝናቡ ያካፋል። ሬይኒየር ጎዳና ላይ ከዳቦ ቤቱ በቀር የነቃ የለም።

በዚህ ሰዓት የተነሳነው የልጅቷ አባት ጋሽ ዳዊት ረፋዱ ላይ ስብሰባ ስላለባቸው ነው። እሳቸው የአንድ ትልቅ አየር መንገድ ካፒቴን ናቸው። ሄኖክም ፓይለት ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ይሄ እልል ያስብል ነበር፤ እዚህ ግን ጠቡ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ትልቁ አየር መንገድ አጫጭር በረራዎቹን ለአንድ ትንሽ ኩባንያ በኮንትራት ይሰጣል። አውሮፕላኖቹ የትልቁን ቀለም ተቀብተው ይበራሉ፤ አብራሪዎቹ ግን የትንሹ ቅጥረኞች ናቸው፤ ደሞዛቸውም እንደዚያው። ሄኖክ የትንሹ ነው። ጋሽ ዳዊት ደግሞ በትልቁ አየር መንገድ የፓይለቶች ማህበር ውስጥ «በረራችንን ለሌላ አትስጡብን» ከሚሉት ዋናው ናቸው። የዛሬው ስብሰባም በአዲሱ የሥራ ውል ላይ ገደብ እንዲገባ ለመጠየቅ ነው። ገደቡ ከገባ የሄኖክ ኩባንያ አውሮፕላን ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ደግሞ መጨረሻ የተቀጠረው መጀመሪያ ይወጣል። መጨረሻ የተቀጠረው ማን እንደሆነ መቼም አታጡትም።

ሄኖክ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ሊሸኘን መጣ። ከዚያ በባቡር ወደ ኤርፖርት ነው።

«ቲጂዬ፣ ስለ ሥራዬ እንዳታነሱ። ስለ ጸባዬ ብቻ አውሩ።»

«ጸባይህማ ሁለት ደቂቃም አያስወራ።»

«ሲሪየስሊ! ሰውየው እኮ ሌባ ነው የሚያደርጉኝ። እኔ ማንን ሰረቅኩ? ትልቁ ልምድ የሌለውን አይቀጥርም፤ ልምድ ያለው ደግሞ ትንሹ ጋ ነው። ሶ የት ልብረር? ሳሎኔ ውስጥ?»

ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። አንጀቴን በላው። ኮሌታውን አስተካከልኩለትና ባቡሩ እንዳያመልጠው አባረርኩት።

አቶ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡት የፓርኪንግ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዝናብ ጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ጎረቤታችን ሀጂ ሰይድ አንድ ከረጢት ሳምቡሳ ይዘው ከኋላ ገቡ።

ሶዶ፣ የአገር ቤቱ ሳይሆን የኛ የመጋዘን ሰፈር

ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ታፈሰ መጋዘን ጠባቂ ናቸው። ከሌሊት ፈረቃ ሲወጡ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከከባድ መኪኖች መሃል አነሳናቸው። ሰላም አሉን፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት» አሉ አቶ ወልዴ፣ ማብራሪያ የጠየቅኳቸው ይመስል።

«የነቃ መሆን አለበት የሚል ግን የለም» አልኩ። ሀጂ ሰይድ ሳቁ። የሄኖክን አደራም ነገርኳቸው፤ ስለ ሥራው አይነሳ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ ሳይነሳ ሽምግልና አለ እንዴ? ‹ምን ይሠራል?› ቢሉን ‹ጸባይ› እንበል?» አሉ አቶ ወልዴ።

ድልድዩ ላይ

በቅዳሜ ጠዋት ትራፊክ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? አንድ መስመር ለጥገና ተዘግቷል። ተንሳፋፊው ድልድይ ላይ ቆመን፣ ግራና ቀኝ ሐይቁ ግራጫ ሆኖ፣ ሳምቡሳ እንበላለን። ሀጂ ሰይድ ጣታቸውን እየጠረጉ፣

«እኔ ያልገባኝ፣ ትክክለኛው ካፒቴኑ ነው ወይስ ልጁ?» አሉኝ።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም ትክክል ከሆኑ እኛ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?»

«ሴት ልጅ ልትለምኑ።»

በኔ ቤት ተራቅቄ ሞቻለሁ። ከልቤ የማምነው ግን ይሄን ነው፦ ሁለቱ ሲናጩ፣ ባለ ኩባንያዎቹ ቁርሳቸውን ተረጋግተው ይበላሉ።

ሬድመንድ

ጥድ፣ የተከረከመ ሣር፣ ፀጥታ። ውሻው እንኳን በጨዋ ደንብ ነው የሚጮኸው። ጋሽ ዳዊት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የማህበሩን ባጅ ደረታቸው ላይ አድርገው በሩን ከፈቱ። ሳሎን ገባን። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ቆሙ፤ ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥማ። እኔ ከበሩ ሥር ቀረሁ።

አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘር ቆጠሩ፣ ጸባይ አመሰገኑ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበር! ሽማግሌ ግን ሙሽራን ትንሽ ከፍ ካላደረገ ሥራውን የሠራ አይመስለውም።

«ደግሞ ልጃችን የሩቅ ሰው አይደለም፣ የእርስዎው ቤት ልጅ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ያለው ቀለም ሳይቀር የእርስዎው ነው!»

ሀጂ ሰይድ ወደ ጣራው አዩ። የጋሽ ዳዊት ፊት ተለዋወጠ።

«አቶ ወልዴ፣ የኔ ችግር እኮ ይኸው ቀለም ነው። ተሳፋሪው በኛ ስም ትኬት ይገዛል፣ በኛ ቀለም ይሳፈራል፤ የሚያበረው ግን በርካሽ የተቀጠረ ልጅ ነው። እኛ ስንደራደር ደግሞ ‹እነሱ በዚህ ዋጋ እየበረሩልን ለእናንተ ለምን እንጨምራለን?› እንባላለን። ልጁን አልጠላሁትም። የያዘው በረራ ግን የኛ ነው።»

«ልጁን ካልጠሉት ልጅቷን ይስጡና» አሉ ሀጂ ሰይድ።

ጋሽ ዳዊት ሰዓታቸውን አዩ። «ልጄን እሰጣለሁ። በረራ ግን አልሰጥም።»

አቶ ወልዴ ለምርቃት እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ከደረጃው ላይ ድምፅ መጣ።

«አባቢ፣ ዌይት።»

ሰላም ናት፤ ሙሽሪት። በደንቡ መታየት የለባትም። እሷ ግን በፒጃማዋ ወርዳ ከሽማግሌዎቹና ከአባቷ መሃል ቆመች።

«ገደቡ ከገባ ሄኖክ ሌይ ኦፍ ይደረጋል። ሶ ሥራ የሌለው ባል ነው የምትሰጠኝ?»

«ሰሊ፣ ሽማግሌ ፊት…»

«በረራውን ስታስመልሱ ፓይለቶቹንም አብራችሁ ውሰዱ። ውሉ ላይ ይግባ።»

«ሰዉ አይቀበለውም። ሥራና ዕረፍት በሚመረጥበት ተራ ከኛ ወጣቶች ቀድመው ሊሰለፉ ነው ይላሉ።»

«ከታች ይግቡ። ሄኖክ ኦኬ ነው።»

«ሐሳቡ ድምፅ ላይ ይወድቃል እኮ!»

«ይውደቅ። አንተ ግን አንሳው። ካላነሳኸው እኔም እሺ አልልም።»

ስንት ሽምግልና አይቻለሁ፤ ሙሽራ የሠራተኛ ውል ስትደራደር ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ሳላስበው ላጨበጭብ ነበር። ጋሽ ዳዊት መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ።

«እሺ። አነሳዋለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

ቀድመው የተቀመጡት አቶ ታፈሰ ናቸው፤ ቆመውም ተኝተው ነበር።

ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ከሰዓት በኋላ

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ጥብስ አዘን እየበላን ሳለ ሰላም ኮል አደረገች። አባቷ ሐሳቡን ሲያነሱ አዳራሹ ጮኸባቸው። አንዱ ተነስቶ «ይሄ ለአማችህ ነው!» አላቸው። እሳቸውም «አዎ፣ ለአማቼ ነው። የእናንተስ ልጆች የት ነው የሚበሩት?» አሉ። ለካ ግማሹ ልጁን ትንሹ ኩባንያ ልኮ፣ ልምድ እስኪይዝ እየጠበቀ ኖሯል። ጩኸቱ ቆመ። ድምፅ ተሰጠ፣ ለጥቂት አለፈ። ማህበሩ በረራዎቹ ከነፓይለቶቻቸው እንዲመለሱ፣ የሚመጡትም ከተራው መጨረሻ እንዲሰለፉ ይጠይቃል። አየር መንገዱ እሺ ማለቱ ገና ነው፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ የትልቁ ፓይለቶች ለትንሹም ሊሟገቱ ነው።

ሄኖክ ከባቡር ሲወርድ ሮጬ ነገርኩት። ሻንጣው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። ቆይቶ ቀና አለ።

«ቲጂ፣ ከተራው መጨረሻ ማለት እኮ የዕረፍት ቀን መምረጥ የለም ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድን የላይኞቹ ይወስዷቸዋል።»

«ሰርጉስ ታዲያ?»

«የሚተርፈኝ ማክሰኞ ነው።»

እንግዲህ ሰምታችኋል፤ ለማክሰኞ ፈቃድ ጠይቁ።