የፈንታነሽ ቤ እና ቤአ

ፈንታነሽ እስፓንኛን የለመደችው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዱባይ ስምንት ዓመት የሠራችባቸው ሰዎች ከስፔን የመጡ ነበሩና፣ ሽንኩርት እየላጠች ሰምታ፣ ልጆቹን እያጠበች መልሳ፣ በመጨረሻ ከእመቤቷ ጋር እስከ መጨቃጨቅ ደረሰች። ደብረ ታቦር ተመልሳ ልብስ ስፌት ስትጀምር፣ "ይሄ ቋንቋሽ እዚህ ምን ያደርግልሻል?" ብለን ያሾፍንባት ብዙ ነን። እኔ ጎረቤቷ ስለሆንኩ ከሁሉም አብዝቼ ነው ያሾፍኩት።

አፋችንን ያስዘጉን በየዓመቱ በጥር ከስፔን ወደ ሆስፒታላችን እየመጡ የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ናቸው። አስተርጓሚ ሲጠፋ ፈንታነሽ ተጠራች። ነጭ ጋውን ለብሳ ስናያት ሰፈሩ ሁሉ ዘመዷ ሆነ።

ታዲያ አምና አንድ ጥፋት አጠፋች። ከእብናት በኩል የመጡ አባ ሙላቴ የሚባሉ ሽማግሌ አራሽ ነበሩ። ዶክተር ፒላር ቀኝ ዓይናቸውን መርምራ "እስፔሮ ኬ ቤአ" አለች። ፈንታነሽም "ዓይንዎ ይበራል ትላለች" አለቻቸው። አልበራም። ፋሻው ሲፈታ ሽማግሌው ወደ ድምጿ ዞረው፣ "ልጄ፣ ይበራል አላልሽኝም?" አሏት። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰባት።

ዶክተሯ በኋላ ለየችላት። "ቤ" ያያል ማለት ነው፤ የታወቀ፣ ያለቀ ነገር። "ቤአ" ግን ለሚመኙት፣ ለሚጠራጠሩት፣ ገና ላልሆነው ነው። እሷ ያለችው "ቤአ" ነበር፤ እንዲያዩ ተስፋ አደርጋለሁ ማለቷ ነው። ፈንታነሽ ወጥ ቤት ሳለች ልዩነቱ ጉዳይዋ አልነበረም፤ ምሳው ይምጣ ቢሉም ይመጣል ቢሉም፣ ያው የምታቀርበው እሷው ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ በዚያ በር አያልፍም ነበር። ፈንታነሽ አንድ ቀን አለቀሰች፣ በማግስቱ ደብተር ገዛች። ዓመቱን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ስልኳን አቁማ ትምህርት ስትሰማ፣ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ከረመች። "ይመስለኛል ሲሉ ቤ፣ አይመስለኝም ሲሉ ቤአ! ሰዎቹ ምን ነክቷቸዋል?" እያለች ትነጫነጭብኛለች። አንድ ቀን ቀሚስ እየለካች ደንበኛዋን "ወገቡ ይጠባል ነው ያልሽኝ ወይስ ይጥበብ?" ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ። እሷ አልሳቀችም።

ዘንድሮ አባ ሙላቴ ተመለሱ። እኔም ደግፌ ያስገባኋቸው ስለሆንኩ አጠገባቸው ነበርኩ። የቀረችው ግራ ዓይናቸው ቀንና ማታን ብቻ ትለያለች፤ ከተነካች እሷም ጭራሽ ልትጠፋ ትችላለች። ዶክተር ፒላር ረዘም ላለ ጊዜ አየቻትና አደጋውን አስረዳች። በመጨረሻም ያንኑ ቃል ደገመችው፦ "እስፔሮ ኬ ቤአ።"

ፈንታነሽ እጃቸውን ያዘች። "አባ፣ ዘንድሮ አላሳስትዎትም። ይበራል አላለችም። ይብራ ነው ያለችው። ያለችዎት ጭላንጭልም ልትጠፋ ትችላለች። ይቅርብኝ ካሉ እኔው ራሴ መናኸሪያ ድረስ አደርስዎታለሁ።"

ሽማግሌው ወደ ድምጿ ዞሩ።

"ዓይንዎ ይብራ አለች?"

"አዎ፣ አባ።"

"ፈረንጇ?"

"እሷው።"

"አምና እንዲህ ብትይኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ? ይበራል ማለት የእግዜር ነው። ሰው የሚችለው ይብራ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ምርቃት ነው።" ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና የሕክምና አልጋውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡበት። "አሜን ብሏል በያት።"

አሜን በእስፓንኛም አሜን ነው። ፈንታነሽ አንድ ፊደል ሳታጎድል ለዶክተሯ ነገረቻት።